የልጅ ስም የማን ገንዘብ ነው?

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ሲባል ያልሰማ የአገር ልጅ የለም። ቃሉ የሚነገረውም ሰው በዘመኑ መልካም ሥራ ሠርቶ ስሙን እንዲያስከብር ለመምከር ነው፤ ስምን የሚሠራውም የሚያጐድፈውም ራሱ ባለ ስሙ እንደ ሆነ የታወቀ ነውና። ነገር ግን ሕፃኑ ገና ሥራ ሳይጀምር፣ ክፉንና ደጉን ሳይለይ፣ አባትና እናቱ ስሙን ወስደው በአደባባይ ቢሸጡት ያ ስም የማን ነው? ልጁ አድጎ «ስሜን መልሱልኝ» ቢል የሚመልስለት ማን ነው? ይህ የጨዋታ ጥያቄ አይደለም። የልጆች ፊትና ስም በየእጁ ስልክ ላይ ለገበያ በሚወጣበት በዚህ ዘመን፣ ወላጅ የሆነ ሁሉ ሊመልሰው የሚገባ ጥያቄ ነው።

ስለዚህ ነገር የሚናገሩ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚጠቅሱት ወላጅ ልጁን ያስራበበትን፣ የደበደበበትን፣ ገንዘቡንም የቀማበትን ታሪክ ነው። እንዲህ ያለውን ክፋት መንቀፍ ቀላል ነው፤ ሰሚውም «እኔ እንዲህ አላደረግሁም» ብሎ በሰላም ወደ ቤቱ ይገባል። የሚከብደው ጨዋና ትጉህ አባት፣ ልጁን እየወደደ፣ መልካም የመሰለውን ሲያደርግ ያደረሰውን ጉዳት ማሳየት ነው። ስለዚህ ለምስክርነት የሚጠራው የክፉ ወላጅ ልጅ ሳይሆን የመልካም ወላጅ ልጅ ይሁን፤ እርሱም በቴሌቪዥን ተዋናይነትና በዘፋኝነት ገና በወጣትነቱ ስሙ አገር ያዳረሰው አሜሪካዊው ሪኪ ኔልሰን ነው።

ሪኪ ኔልሰን በ1940 ዓ.ም. በኒው ጀርሲ ግዛት ተወለደ፤ በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው። አባቱ ኦዚ ኔልሰን የሕግ ትምህርቱን ጨርሶ ሳለ የሙዚቃ ጓድ መሪ የሆነ ሰው ነበረ፤ እናቱ ሃሪየት ሂሊያርድም በዚያው ጓድ ውስጥ ትዘፍን ነበር። በ1944 ዓ.ም. ባልና ሚስቱ የገዛ ቤታቸውን ኑሮ የሚመስል አንድ የሳቅ ጨዋታ በራዲዮ ጀመሩ። የጨዋታው ሰዎች ስም ከቤቱ ሰዎች ስም አልተለየም፤ አባት ኦዚ፣ እናት ሃሪየት፣ ሁለቱ ልጆችም ዴቪድና ሪኪ ተባሉ። ነገር ግን ልጆቹ ለሥራው ገና ትንንሾች ስለ ነበሩ፣ በነርሱ ስም የሚናገሩ ሌሎች ልጆች በደመወዝ ተቀጠሩ። አንባቢ ይህን ያስተውል። የአራት ዓመት ሕፃን በቤቱ ተቀምጦ ሳለ፣ ሌላ ልጅ በርሱ ስም ሲቀልድ አገር ሰምቶ ይስቅ ነበር። ሕፃኑ ወደ ሥራ ሳይገባ ስሙ ቀድሞት ሥራ ገባ።

በ1949 ዓ.ም. ሪኪ የስምንት ዓመት ልጅ ሳለ፣ ወንድሙ ዴቪድም አሥራ ሁለት ዓመት ሆኖት ሳለ፣ ሁለቱ ልጆች ከተቀጠሩት ልጆች እጅ የገዛ ስማቸውን ተረከቡ። በጥቅምት 1952 ዓ.ም. ጨዋታው ወደ ቴሌቪዥን ተሻገረ፤ እስከ 1966 ዓ.ም. ድረስም ዐሥራ አራት የጨዋታ ዘመን ቈየ፤ ክፍሎቹ ሲቈጠሩ 435 ናቸው። በመስኮቱ የሚታየው የቤቱ ፊት በሆሊዉድ የሚኖሩበት የእውነተኛው ቤታቸው ፊት ነበረ። ከድርሰቱ ጀምሮ እስከ ዝግጅቱና እስከ ማስተባበሩ ድረስ ሥራውን ሁሉ የሚመራው ኦዚ ነበረ። ይህን ያህል የሚደክም አባት ግን በጨዋታው ውስጥ ሥራው ምን እንደ ሆነ የማይታወቅ፣ ቀኑን ሙሉ በቤቱና በግቢው የሚመላለስ ሰው ሆኖ ይታይ ነበር። ተመልካቾችም ይህ አባት የሚበላውን ከየት ያመጣል እያሉ ይቀልዱ ነበር።

መልሱ ግን ቀልድ አይደለም። አባትየው የሚበላውን የሚያመጣው ከዚያው ከሚታየው ቤት ነበረ፤ ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር በሚሠራው ሥራ ነበረ። በጨዋታው ውስጥ የተሸሸገው የአባት ድካም ብቻ አይደለም፤ የልጆቹም ድካም አብሮ ተሸሽጓል። አገሩ ሁሉ ልጆች ሲጫወቱ ያያል፤ ልጆቹ ግን የተጻፈላቸውን ቃል አጥንተው በመብራትና በካሜራ ፊት ሥራ ላይ ነበሩ። ሥራ ሥራ ተብሎ ሲጠራ ድካሙ ይለካል፤ ሰዓቱም ይወሰናል። ሥራ ኑሮ ተብሎ ሲጠራ ግን የሚለካው የለም።

ዘፈኑም የመጣው በዚሁ በር ነው። ሪኪ እንደ ዕድሜ እኩዮቹ ሁሉ አዲሱን የሮክ ኤንድ ሮል ሙዚቃ ይወድ ነበር፤ ይልቁንም ካርል ፐርኪንስን ያደንቅ ነበር። ኤልቪስ ፕሬስሊን የምትወድ አንዲት ልጃገረድ ፊት «እኔም ሸክላ አስቀርጻለሁ» ብሎ እንደ ፎከረ ይነገራል። ሚያዝያ 10 ቀን 1957 ዓ.ም. በተላለፈው ክፍል፣ አሥራ ሰባት ዓመት ሊሞላው አንድ ወር ያህል ሲቀረው፣ ፋትስ ዶሚኖ የተባለው የኒው ኦርሊንስ ጥቁር ዘፋኝ በዚያው ዓመት ያወጣውን ዘፈን በቴሌቪዥን ዘፈነ። በቨርቭ ኩባንያ የታተመውም ሸክላ ወዲያው በብዛት ተሸጠ። ጥቂት ወራት ቈይቶ ወደ ኢምፔሪያል ኩባንያ ተሻገረ፤ በጥር 1958 ዓ.ም. የመጀመሪያው ትልቅ ሸክላው በቢልቦርድ መጽሔት ሰንጠረዥ አንደኛ ሆነ። ያው መጽሔት ነሐሴ 4 ቀን 1958 ዓ.ም. መቶ ዘፈኖችን በደረጃ የሚያቆም አዲስ ሰንጠረዥ ባወጣ ጊዜም በራሱ ላይ የተቀመጠው የመጀመሪያው ዘፈን የሪኪ ኔልሰን ነበረ። በ1959 ዓ.ም. ከጆን ዌይንና ከዲን ማርቲን ጋር የተሠራው «ሪዮ ብራቮ» የተባለው ፊልም ታየ። እንግዲህ ሃያ ዓመት ሳይሞላው በራዲዮ፣ በቴሌቪዥን፣ በሸክላና በሲኒማ ታውቋል ማለት ነው።

በዚህ ታሪክ ላይ ሁለት ወገኖች ቆመው ይከራከራሉ፤ ሁለቱም ይሳሳታሉ።

አንደኛው ወገን ጥፋቱን ሁሉ በሙዚቃው ላይ ይጥላል። በዚያ ዘመን በአሜሪካ ብዙ ሰባክያንና ወላጆች ሮክ ኤንድ ሮልን የወጣቶች ማጥፊያ ነው ብለው ከሰሱት። ዛሬም ወጣት ዘፋኝ ሲሰናከል «ዘፈን ነው ያጠፋው» ብሎ መፍረድ የተለመደ ነው። ይህ ፍርድ ለፈራጁ ይመቸዋል፤ ለእውነት ግን አይመችም። ሪኪ ሙዚቃውን የወደደው ማንም አስገድዶት አይደለም። ከሉዊዚያና የመጣውን ጄምስ በርተንን የመሰለ ጊታር መቺ አጠገቡ አቁሞ፣ የሚሠራውን በጥንቃቄ ይሠራ ነበር። በዚያ ቤት ውስጥ ከተደረገው ሁሉ ምናልባት የራሱ የነበረው ይህ ፍቅር ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ልጁ የራሱ አንድ ነገር ቢያገኝ እርሱኑ ጥፋቱ ነው ብሎ መኰነን፣ ሌባውን ትቶ የተሰረቀውን እንደ መክሰስ ነው።

ሁለተኛው ወገን ደግሞ እንዲህ ይላል፤ «ያ ቤት ንጹሕ ቤት ነበረ፤ ጨዋታው ስድብና ነውር የሌለበት፣ ልጆች ለወላጆቻቸው ሲታዘዙ የሚታይበት ነበረ፤ አባትየውም ልጁን ከክፉ ነጋዴዎች እጅ ጠበቀው፤ ታዲያ ጥፋቱ የት ላይ ነው?» ይህ ወገን ከፊተኛው ይልቅ ብርቱ ነው፤ ስለዚህ መልሱም ቀስ ብሎ ሊሰጥ ይገባል።

ጨዋታው ጨዋ እንደ ነበረ እውነት ነው። ነገር ግን ትምህርቱ መልካም መሆኑ የማስተማሪያውን መንገድ መልካም አያደርገውም። በማናቸውም ቤት ልጅ ሲያጠፋ አባት ይቈጣል፤ ልጅ ያለቅሳል፤ ነገሩ በዚያው በግድግዳው ውስጥ ይቀራል፤ በማግሥቱም ይረሳል። የቤት ትልቁ ጸጋ ይህ ነው፤ ቤት የልጅ ስሕተት የሚቀበርበት ቦታ ነው። በኔልሰን ቤት ግን የልጁን ስሕተት አባቱ ራሱ ይጽፈዋል፤ ልጁ ያጠናዋል፤ አገር ይስቅበታል። ያላጠፋውን ጥፋት በስሙ አጥፍቶ ይታያል፤ ያልተናገረውንም ፌዝ በስሙ ተናግሮ ይሰማል። በማግሥቱ ወደ ትምህርት ቤት ሲሄድ፣ አይቶት የማያውቅ ሁሉ የሚያውቀው ይመስለዋል። እንዲህ ያለ ልጅ ራሱን ለመፈለግ ሲነሣ በቅድሚያ የሚያገኘው አባቱ የጻፈውን ሪኪን ነው።

ከዚህም የሚብስ አለ። አባት ለልጁ የተፈጥሮ ጠበቃው ነው። ልጅ ሥራ ቢበዛበት፣ ቢደክመው፣ ቢያፍር፣ በአሠሪው ፊት ቆሞ «ይብቃው» የሚልለት አባቱ ነው። አባት ራሱ አሠሪ ከሆነ ግን ልጁ ወደ ማን ይጮኻል? አቤቱታውን የሚሰማው የተከሰሰው ነው። በማናቸውም ሸንጎ ዳኛ በገዛ ጉዳዩ ላይ አይቀመጥም፤ ይህን ደግሞ ሕግ የተማረው ኦዚ ኔልሰን ከማንም ይልቅ ሊያውቀው ይገባው ነበር። ልጁ ፈቃደኛ ነበረ የሚሉ ሰዎችም ይህን ያስቡ። እንጀራው፣ ቤቱ፣ የአባቱ ክብርና የእናቱ ደስታ ሁሉ በዚያ ጨዋታ ላይ ተንጠልጥሎ ሳለ፣ የስምንት ዓመት ልጅ «እምቢ» ለማለት ምን ኀይል አለው? እምቢ ማለት የማይችል ሰው እሺ ማለቱ ፈቃድ ተብሎ አይጠራም።

«ገንዘቡንስ አልበሉበትም» ይባል ይሆናል። ልክ ነው፤ በኦዚ ላይ እንዲህ ያለ ክስ የለም። ከርሱ በፊት ግን የሌላ ልጅ ታሪክ ነበረ። በ1921 ዓ.ም. ከቻርሊ ቻፕሊን ጋር በፊልም የታየው ጃኪ ኩገን በልጅነቱ እጅግ ብዙ ገንዘብ አስገኝቶ ሳለ፣ ካደገ በኋላ ቢጠይቅ አልቆ አገኘው፤ በ1938 ዓ.ም.ም እናቱንና የእንጀራ አባቱን ከሰሰ። ከዚህ የተነሣ በ1939 ዓ.ም. የካሊፎርኒያ ግዛት የሕፃናት ተዋንያን ገንዘብ የሚጠበቅበትን ሕግ አወጣ፤ ሕጉም እስከ ዛሬ በኩገን ስም ይጠራል። በ2000 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው ማሻሻያ ደግሞ ልጁ ሠርቶ ያገኘው ገንዘብ የልጁ እንጂ የወላጁ እንዳልሆነ በግልጥ ደነገገ፤ ከመቶ ዐሥራ አምስት እጁም ለልጁ ተለይቶ እንዲቀመጥ አዘዘ። መልካም ሕግ ነው። ነገር ግን ሕጉ የጠበቀው ሣንቲሙን ነው። ሣንቲም ተቈጥሮ በባንክ ይቀመጣል፤ ልጁ ሲያድግም ተቈጥሮ ይመለስለታል። የተሸጠ ልጅነትና የተሸጠ ስም ግን በየትኛው ባንክ ተቀምጦ፣ በስንት ዓመት ይመለሳል?

እነዚህ ተከራካሪዎች «መክሊቱን ይቅበረው ወይ?» ብለውም ይጠይቃሉ፤ መክሊቱ ባይኖረው ኖሮ ያን ያህል ሕዝብ አይወደውም ነበር ይላሉ። መክሊቱ እንደ ነበረው የሚክድ የለም። ይሁን እንጂ መክሊትና በር ሁለት ነገር ናቸው። በዚያው በ1957 ዓ.ም. ናት ኪንግ ኮል የተባለው ታላቁ ጥቁር ዘፋኝና ፒያኖ መቺ በቴሌቪዥን የራሱ ዝግጅት ነበረው፤ በአገሩ ሁሉ ወጪውን የሚሸፍንለት ነጋዴ ስላልተገኘ ግን በታኅሣሥ ወር አበቃ። ዘፈኑን የደረሱት ፋትስ ዶሚኖና ዴቭ ባርቶሎሚዮ እንዲህ ያለ የራሳቸው መስኮት አልነበራቸውም፤ ዘፈኑን የተዋሰው ወጣት ግን በየሳምንቱ በአገሩ ሰው ሁሉ ሳሎን ውስጥ ይገባ ነበር። ይህ በጥቁሮቹ ዘፋኞች ላይ የተደረገ ግፍ ነው። አንድ ነገር ግን ይጨመርበት፤ ግፉ በሌላ መልኩ በሪኪም ላይ ደርሷል። የተጨበጨበለት ለድምፁ ይሁን ለአባቱ ቤት እርሱ ራሱ በምን ይወቅ? ለፍቶ በሩን ያንኳኳ ሰው ሲከፈትለት ምን እንደ ከፈተለት ያውቃል፤ በተከፈተ በር ውስጥ የተወለደ ሰው ግን ይህን የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

ይህ ጥርጥር እንዳልተወውም ሕይወቱ ይመሰክራል። በ1961 ዓ.ም. ሃያ አንድ ዓመት በሞላው ጊዜ በሸክላዎቹ ላይ የሚጻፈውን ስሙን «ሪኪ» ከማለት «ሪክ» ወደ ማለት ለወጠው። አንዲት ፊደል መጣል ነው፤ ነገሩን የሚያይ ሰው ይስቅ ይሆናል። ነገር ግን ሙሉ ሰው የሆነ ጐበዝ ከገዛ ስሙ ላይ አንዲት ድምፅ ቈርጦ ለመጣል የሚታገለው ስሙ በሌላ እጅ ስለ ተያዘ ነው። ሕዝቡ ግን «ሪኪ» ማለቱን አልተወም። ጨዋታው በ1966 ዓ.ም. ካበቃ በኋላም ሰዎች የሚፈልጉት ያንኑ ልጅ ነበረ። በ1971 ዓ.ም. በኒው ዮርክ በማዲሰን ስኩዌር ጋርደን የቀድሞ ዘመን ዘፋኞች በተሰበሰቡበት መድረክ ላይ ጠጕሩን አስረዝሞ፣ አዲስ ዓይነት ዘፈን ይዞ ቀረበ፤ ከሕዝቡም መካከል የነቀፋ ጩኸት ተሰማ። እርሱም ጩኸቱን የተረዳው አዲሱን ሰው ስላልፈለጉት እንደ ሆነ ነው። ከዚያ በኋላ ነገሩን ራሱ ወደ ዘፈን ለወጠው፤ «ጋርደን ፓርቲ» የተባለው ይህ ዘፈን በ1972 ዓ.ም. በአሜሪካ ሰንጠረዥ ስድስተኛ ደረጃ ደረሰ። እንግዲህ አባቱ ሳይጽፍለት ስለ ራሱ የተናገረው ቃል ሕዝብን ደስ ሊያሰኝ ቻለ። ያን ጊዜ ግን ሠላሳ ሁለት ዓመቱ ነበረ። በታኅሣሥ 31 ቀን 1985 ዓ.ም. ለሥራ ሲጓዝ የተሳፈረበት አይሮፕላን በቴክሳስ ግዛት በዲ ካልብ አጠገብ ወድቆ፣ በአርባ አምስት ዓመቱ ከባልንጀሮቹ ጋር ሞተ።

ቅዱሳት መጻሕፍትን የሚያነብ ሰው «ሐናስ ሳሙኤልን በሕፃንነቱ ለቤተ መቅደስ ሰጥታው የለምን?» ብሎ ሊከራከር ይችላል። ሰጥታዋለች፤ ነገር ግን ሰጠችው እንጂ አልሸጠችውም፤ ከአገልግሎቱም እንጀራ አልበላችበትም። ይልቁንም የዚያ ታሪክ ምሥጢር ያለው በሌሊቱ ጥሪ ላይ ነው። ሕፃኑ በስሙ ሲጠራ ሦስት ጊዜ ወደ ዔሊ ሮጠ፤ ሽማግሌው ካህንም የጠራው ማን እንደ ሆነ ባስተዋለ ጊዜ በልጁ ፈንታ አልመለሰም። ጥሪውን ለራሱ አልወሰደውም፤ እኔ ልናገርልህም አላለውም። እንዴት እንደሚመልስ አስተምሮት ወደ መኝታው ሰደደው፤ ልጁም በገዛ አፉ መለሰ። የአሳዳጊ ሥራ ይህ ነው። ልጅ በስሙ ሲጠራ፣ እንዲመልስ ማስተማር እንጂ በስሙ መመለስ አይደለም።

የቅዱስ ያሬድም ታሪክ ሌላ ምስክር ነው። ትምህርት አልገባው ብሎ፣ ከመምህሩ ከጌዴዎን ቍጣ ሸሽቶ፣ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ሳለ አንዲት ትል ሰባት ጊዜ እየወደቀች ዛፉን ስትወጣ አይቶ እንደ ተመለሰ አባቶች ያስተምራሉ። ያሬድ ሲያቅተው ያየው መምህሩ ነበረ፤ ሲያለቅስ ያየው ዛፉ ነበረ፤ አገር የሰማው ዜማው ከተሰጠው በኋላ ነው። በዜማ ቤትም ሥርዐቱ ይኸው ነው። ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፣ ቍራሽ ለምኖ፣ ዓመት ከዓመት በመምህሩ እግር ሥር ተቀምጦ ሲስት ይታረማል፤ ስሕተቱንም ከመምህሩና ከባልንጀሮቹ በቀር የሚያውቅበት የለም። ይህ የተሰወረ ዘመን ለጥበብ እንደ ማሕፀን ነው። ሪኪ ኔልሰን ግን የተሰወረ ዘመን አልነበረውም፤ መጀመሪያ የዘፈነውን ዘፈን አገር ሰማው።

ይህ ሁሉ የሩቅ አገርና ያለፈ ዘመን ነገር ነው የሚል ካለ ዐይኑን ይግለጥ። ያን ጊዜ ቤትን ወደ መድረክ ለመለወጥ ኩባንያ፣ ካሜራና ብዙ ሠራተኛ ያስፈልግ ነበር፤ ዛሬ አንድ ስልክ ይበቃል። ዛሬ በየአገሩ የልጆቻቸውን ንግግር፣ ልቅሶና ጭፈራ በየቀኑ እየቀረጹ በኢንተርኔት በመልቀቅ ከማስታወቂያ ገንዘብ የሚያገኙ ወላጆች ብዙ ናቸው፤ አማርኛ በሚነገርባቸው ቤቶችም ይህ እንግዳ አይደለም። በአሜሪካ የኢሊኖይ ግዛት ከሐምሌ 2024 ዓ.ም. ጀምሮ ከእንዲህ ያለው ገቢ ለልጁ ድርሻ እንዲቀመጥለት ደነገገ፤ ካሊፎርኒያም ተከተለች። ብዙ የኢትዮጵያ ተወላጆች የሚኖሩባት የሚኔሶታ ግዛት ደግሞ ከሐምሌ 2025 ዓ.ም. ጀምሮ በጸና ሕግ ከዚህ አልፋ፣ ልጁ የተቀረጸበት ምስል እንዲነሣለት ለመጠየቅ መብት ሰጠችው። ከሣንቲሙ አልፎ ስሙን ማሰብ የጀመረ ሕግ ይህ ነው። የኢትዮጵያም ሕገ መንግሥት በሠላሳ ስድስተኛው አንቀጽ ሕፃናት ጕልበታቸውን ከሚበዘብዝ ልማድ እንዲጠበቁ ያዛል። ነገር ግን በገዛ ሳሎኑ ውስጥ በገዛ እናቱ ስልክ የሚቀረጸውን ልጅ ማን ገብቶ ይጠብቀዋል?

ወቀሳው ለዓለማውያኑ ብቻ አይተው። ድምፁ ያማረ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጅ ሲገኝ፣ ገና መዝሙሩን አጥንቶ ሳይጨርስ ካሜራ ፊት የሚያቆሙት፣ ሰው ምን ያህል እንደ ተመለከተው ከመዝሙሩ አስቀድመው የሚቈጥሩ ሰዎች አሉ። «ለእግዚአብሔር ክብር ነው» ይላሉ። ለእግዚአብሔር ክብር ከሆነ፣ ልጁ በጉባኤው መካከል ከባልንጀሮቹ ጋር ቢዘምር ክብሩ ጐደለን? ያ ልጅ ነገ ድምፁ ሲጐረንን፣ ተመልካቹም ወደ ሌላ ሕፃን ሲሄድ፣ የተተወው እርሱ ይሁን መዝሙሩ እንዴት ይለየዋል? በእግዚአብሔር ስም የሕፃን ስም መሸጥ ከሌላው ሽያጭ ይከብዳል እንጂ አይቀልም።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ልጆች አይዝፈኑ፣ አይጫወቱ፣ ጊታርም አይንኩ ማለት አይደለም። መክሊት ያለው ልጅ መምህር ይሰጠው፤ በመምህሩ ፊት ይሳሳት፤ በእኩዮቹ መካከል ይዘምር። ወላጅ የልጁ አሠሪ አይሁን፤ ልጁ በሥራ ላይ የሚቆምበት ቀን ቢመጣ እንኳ ስለ ልጁ የሚከራከር ከጥቅሙ ነጻ የሆነ ሌላ ሰው ይኑር። የተገኘው ገንዘብ ሁሉ በልጁ ስም ይቀመጥ። ከሁሉ በላይ ግን የልጁ እውነተኛ ስምና የቤቱ ኑሮ ለጨዋታ አይዋሉ፤ ተዋናይ የተዋሰውን ስም ሲመሽ አውልቆ መሄድ ይችላል፤ በገዛ ስሙ የሚጫወት ልጅ ግን የሚያወልቀው ልብስ የለውም።

ኦዚ ኔልሰን ክፉ አባት አልነበረም። ልጁን መገበው፣ አለበሰው፣ አስተማረው፣ ከዱርዬ ጠበቀው፣ አገርም እንዲወደው አደረገ። አንድ ነገር ብቻ አላስቀረለትም፤ ሌላ ሰው ያልነካው፣ ልጁ ራሱ የሚሞላው ባዶ ስም። ክፉ ወላጆች ከዚህ ታሪክ የሚማሩት ጥቂት ነው። ታሪኩ የሚጠቅመው ለመልካም ወላጆች ነው፤ ልጃቸውን ከልብ ለሚወዱ፣ ስለሚወዱትም ለዓለም ሊያሳዩት ለሚቸኵሉ። ለልጅ በክርስትናው ዕለት ስም ሲወጣለት ካህኑም ወላጁም ስሙን ይሰጡታል፤ የተሰጠ ነገር ደግሞ የሰጪው መሆኑ ያበቃል።